ሸሚዝ የቆጠረው አናጢ

የማታውቁት ሰው ሜትር ይዞ በራችሁን ቢያንኳኳና «ስንት ሸሚዝ አለዎት? አንሶላስ? ማንኪያና ሹካው ሲቆጠር ስንት ይሆናል?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ምን ትሉታላችሁ? ከግብር መሥሪያ ቤት የመጣ መስሏችሁ ግማሹን ትደብቁበታላችሁ። ወይም የሌባ ሰላይ ነው ብላችሁ በሩን ትዘጉበታላችሁ። መቼም «ግባና አብረን እንቁጠር» የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም።

ዴንማርክ ውስጥ ግን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመንና ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት፣ ይህን ጥያቄ የሥራቸው መነሻ ያደረጉ ባለሙያዎች ነበሩ። ጉዳያቸው ግብርም ስለላም አልነበረም። ቁም ሳጥን ሊሠሩ ነው። ለቁም ሳጥን ሥራ መጀመሪያ የሚያስፈልገው እንጨት መግዛት ሳይሆን ሸሚዝ መቁጠር ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች ነበሩ። የዛሬው ወጌ ከእነሱ ስለ አንዱ፣ ስለ ቦርገ ሞገንሰንና እጁ ስላለባቸው ቁም ሳጥኖች ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ያስቀመጥኳቸው፤ ወደ እኛው መመለስ የፈለገ ሰባት ወይም ስምንት ይቀንስ።)

«ስለ ቁም ሳጥን ደግሞ ምን ታሪክ ይወራል?» የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፣ ታሪክ ሲባል ንጉሥና ጦርነት ለምደናል። ንጉሡ የተቀመጠበት ዙፋን ታሪክ አለው፤ የንጉሡ ካባ የታጠፈበት ሳጥን ግን የለውም። ይሁንና ተራው ሰው ምን ነበረው፣ ምን ያህል ነበረው፣ የቱን ደብቆ የቱን ያሳይ ነበር ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ከዙፋኑ ይልቅ ሳጥኑ ብዙ ይነግረዋል።

እስቲ ሳሎናችን ውስጥ ያለውን ብፌ አስቡት። ፊቱ መስታወት ነው። መስታወቱ ውስጥ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል፤ እንግዳ ካልመጣ አይወጡም፤ አንዳንዶቹማ ከተገዙ ጀምሮ ውኃ አልነካቸውም። በየቀኑ የምንጠጣበት ኩባያስ የት ነው ያለው? ማድ ቤት፣ የላስቲክ ሳፋ ውስጥ ተደፍቶ። ብፌው በስሙ ዕቃ ማስቀመጫ ይሁን እንጂ በሥራው ዕቃ ማሳያ ነው። ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ እንዳይመስላችሁ። ከጦርነቱ በፊት በነበረችው ዴንማርክም ሁለት ክፍል ብቻ ያላት ቤተሰብ አንደኛዋን ክፍል ለእንግዳ ትጠብቅ ነበር። ጥርብ ጌጥ የበዛበት ከባድ ብፌና የሀብታም ሶፋ የሚመስል ሶፋ እዚያች ክፍል ውስጥ አቧራ እየተራገፈላቸው ይኖራሉ፤ ልጆቹ በቀረችው ክፍል ተፋፍገው ያድራሉ። ዕቃው ሰፊ ቦታ ተሰጥቶት ባለቤቱ ጠቦት ይኖራል ማለት ነው።

የሞገንሰን መምህር ይህን ነገር የሚመለከተው በሌላ ዓይን ነበር። ኮረ ክሊንት ይባላል፤ ከ1888 እስከ 1954 የኖረ አርክቴክት ነው። በ1924 በኮፐንሃገኑ ንጉሣዊ የሥነ ጥበብ አካዳሚ የቤት ዕቃ ዲዛይን ትምህርት የተጀመረው በእሱ ነው። በዚያው ዘመን ጀርመን ውስጥ ባውሃውስ የሚባለው ትምህርት ቤት የድሮውን ሁሉ ጥሎ ከዜሮ ለመጀመር ይታገል ነበር። ክሊንት በዚህ አልተስማማም። የድሮ አናጢዎች ብዙውን ችግር ፈትተውት ሄደዋል፤ መጀመሪያ እነሱ የሠሩትን እንለካ የሚል ሰው ነው። እናም ተማሪዎቹ የእንግሊዝን የ18ኛው ክፍለ ዘመን ወንበር ይለካሉ፣ የጥንት ግብፆችን ታጣፊ በርጩማ ያጠናሉ፣ የሰውን ክንድና ጉልበት ይለካሉ። ክሊንት ራሱ በ1930 ግድም የሠራው ብፌ የዚህ አስተሳሰብ ፍሬ ነው። ሳህኑን፣ ብርጭቆውን፣ ማንኪያውን አንድ በአንድ ለክቶ፣ በቁጥራቸው ልክ ከውስጥ ወደ ውጭ ሠራው። ውጤቱም በመጠኑ አነስ ያለ፣ በሚይዘው ግን ትልቁን የሚያስንቅ ብፌ ሆነ።

አንድ ነገር ግን አለ። የክሊንት ብፌ ማሆጋኒ ነው። የሚሠራው በአገሪቱ በተመሰገኑት የእጅ ባለሙያዎች ነው። ገዢው ማን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ልኩ ለሁሉም ሰው የሚሆን፣ ዋጋው ግን ለጥቂት ሰው! መምህሩ እዚህ ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለተማሪው ተወለት።

ተማሪው በ1914 በሰሜን ዴንማርክ በኦልቦር ከተማ ተወለደ። ሞገንሰን ወደ ዲዛይን የመጣው በመላጊያና በመጋዝ በኩል ነው፤ በ1934 የአናጢነት ምስክር ወረቀቱን ያዘ፤ ከዚያ በኋላ ነው ኮፐንሃገን መጥቶ በ1936 የእጅ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ በ1938 ደግሞ አካዳሚው የገባው። ክሊንት ዘንድ ተምሮም ሠርቶም አለፈ። የዚህ ዓይነት ሰው እንጨት ሲያይ ሥዕል ብቻ አይታየውም፤ የት ጋ እንደሚሰነጠቅ፣ የት ጋ ምስማር እንደማይዝ ያውቃል።

በ1942 የ28 ዓመት ጎልማሳ ሳለ ሕይወቱን የወሰነው ሥራ መጣለት። አገሩ ከሚያዝያ 1940 ጀምሮ በጀርመን ጦር ተይዛለች። ቀጣሪው ግን የቤት ዕቃ ድርጅት አልነበረም። ኤፍ.ዲ.ቢ. የሚባለው፣ በ1896 የተመሠረተው የዴንማርክ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ድርጅት ነው። ስኳርና ዱቄት፣ ሳሙናና ቡና ሲሸጥ የኖረ፣ ባለቤቶቹ ደንበኞቹ ራሳቸው የሆኑ ድርጅት። «ለአባሎቻችን የቤት ዕቃም ይሠራላቸው» ተባለ፤ የዲዛይን ክፍሉ ኃላፊነት ለሞገንሰን ተሰጠ። ነገሩን ወደ እኛ ቋንቋ ስመልሰው፣ የቀበሌ ሸማቾች ሱቅ ከስንዴውና ከዘይቱ ጎን በአገሪቱ አሉ ከሚባሉት ባለሙያዎች አንዱን ቀጥሮ «የድሃ ቤት ወንበርና ሳጥን ንደፍልን» እንደማለት ነው። ከዚህ ሰው የሥራ ዘመን ውስጥ እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ይኸው ነው። ጥሩ ዲዛይነር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ገንዘቡ ይሄዳል፤ ይሄኛው ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ወደ ሱቁ ሄደ።

ጊዜው የጦርነት ነውና ማሆጋኒ የለም፤ ቢኖርም ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሞገንሰን የአገሩን ቢችና ኦክ ያዘ። ጥርቡን ጌጥ ጣለው። ወፍራሙን ስፖንጅና ከፋይ ጣለው። በ1944 ድርጅቱ ኮፐንሃገን ውስጥ የቤት ዕቃ መደብር ከፈተ። በ1947 የወጣችውና ጄ39 የሚል ቁጥር የተሰጣት ወንበር ከሁሉም በላይ ስም አወጣች፤ ዴንማርካውያን «የሕዝብ ወንበር» ይሏታል። እግሮቿ የቢች እንጨት፣ መቀመጫዋ ከወረቀት በተገመደ ገመድ የተሸመነ፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ከወጣችበት ዓመት ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ መሠራቷ አልተቋረጠም።

የዚያን ጊዜውን እጥረት የሚያሳይ አንድ ነገር ጣል አድርጌ ልለፍ። የሞገንሰን የቅርብ ወዳጅ ሃንስ ቬግነር ነበር፤ ኋላ በዓለም የታወቀው የወንበር ባለሙያ። ሞገንሰን ልጅ ሲወለድለት ቬግነር የክርስትና ስጦታ ፈልጎ በገበያው ደህና ነገር አጣ። እናም ያለ ምስማርና ያለ ብሎን የሚገጣጠም ትንሽ የልጅ ወንበር ሠርቶ ሰጠው። ያቺ ወንበርም በልጁ ስም ተጠርታ ዛሬ ድረስ ትሸጣለች።

ወደ ሳጥኑ እንመለስ። ለሞገንሰን አንድ ሌላ መምህርም ነበረው ማለት ይቻላል፤ ያውም በአካል ያላገኘው። በ1774 ከእንግሊዝ ተሰደው አሜሪካ የገቡ ሼከሮች የሚባሉ ሃይማኖተኞች አሉ። አያገቡም፤ የግል ንብረት የላቸውም፤ ጌጥን እንደ ትዕቢት ያዩታል። እነዚህ ሰዎች የሠሯቸው ወንበሮች ወደ ኮፐንሃገን ዘልቀው ክሊንትንም ተማሪውንም ማርከዋል፤ የሕዝብ ወንበር የተባለችው የእነሱ ልጅ ናት። ለእኔ ግን ከወንበራቸው ሳጥናቸው ይበልጥብኛል። በኒው ሃምፕሸር ግዛት ኤንፊልድ በሚባል ቦታ በ1841 ሠርተው የጨረሱት ትልቅ የድንጋይ መኖሪያ ቤት ግድግዳው ውስጥ የተሠሩ ከ800 በላይ መሳቢያዎች አሉት። ቁም ሳጥን አምጥተው ክፍሉን አላጣበቡም፤ ግድግዳውን ራሱን ሳጥን አደረጉት። ንብረት የለንም ለሚሉ ሰዎች 800 መሳቢያ በዛ አትሉም? እኔም ብያለሁ። ነገር ግን በጋራ የሚኖር ብዙ ሕዝብ አንሶላውና መሣሪያው የት እንዳለ ካልታወቀ መኖር እንደማይችል አስቡት።

ሞገንሰን በ1950 ከኤፍ.ዲ.ቢ. ወጥቶ የራሱን ቢሮ ከፈተ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ግሬተ ማየር ከምትባል አርክቴክት ጋር «ቦሊገንስ ቢገስካበ» የተሰኘውን ሥራ ጀመረ። ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ከቤቱ ጋር የሚገነቡ ቁም ሳጥኖች» እንደማለት ነው። ማየርን ልብ በሉልኝ። በ1918 የተወለደች ናት፤ ከዚህ ሥራ በፊት ስለ ቤት አሠራር የሚያስረዳ «ቢገቦገን» የተባለ ትልቅ የግንባታ መጽሐፍ በማዘጋጀት ለዓመታት ስትደክም ነበር፤ ኋላም በአገሪቱ የሕንፃ ጥናት ተቋም ውስጥ ሠርታለች። ሥራዋ ቁጥር ነው። ስለ ሞገንሰን የሚጻፉ አንዳንድ ጽሑፎች ስሟን በግማሽ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል፤ እኔ ግን ሜትሩን ይዛ የነበረችው እሷ ናት ብዬ ባስብ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ሁለቱ ያደረጉት እንዲህ ነው። ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ነገር ሁሉ ልኩ ስንት ነው? የታጠፈ ሸሚዝ ወርዱ ስንት፣ ቁመቱ ስንት? ሹካና ማንኪያውስ? ሰሃኑ፣ ብርጭቆው፣ የአልጋ ልብሱ? ይህ የመጀመሪያው ነው። ቀጥሎ ደግሞ ብዛቱ መጣ፤ አንድ ተራ ሰው ከእያንዳንዱ በአማካይ ስንት አለው? ክሊንት ከ20 ዓመት በፊት ሳህን ለክቶ ነበር፤ እነዚህ ግን ሙሉውን ቤት ለኩ። ከዚያ በኋላ ነው እንጨቱ የተቆረጠው። መሳቢያው በሸሚዙ ልክ፣ መደርደሪያው በሳህኑ ልክ፤ ሁሉም ደግሞ እርስ በርሱ እንዲገጣጠም በአንድ የልክ ሥርዓት ተሠራ። አንዱ ቦታ መሳቢያ የነበረው ሌላ ቦታ መደርደሪያ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ የመጻፊያ ጠረጴዛ ሊሆን ይችላል። አንዱን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል፤ የቀረው ክፍል ለሰው ይለቀቃል።

ይህ ምን ይጠቅማል የሚል ካለ በቤቱ ይሞክረው። እንበልና መደርደሪያችሁ 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሳህናችሁ ደግሞ 25 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለት ረድፍ ትደረድራላችሁ። የኋላውን ለማውጣት የፊቱን ማንሳት ግድ ነው፤ እንግዲህ ማን በየቀኑ ያነሳል? በወሩ የኋላው ረድፍ ይረሳል። በዓመቱ «ሳህን የለንም» ተብሎ ሌላ ይገዛል። ጥልቅ መሳቢያም ያው ነው፤ ከላይ ያለው ሸሚዝ ይለበሳል፣ ከሥር ያለው ተጨማዶ ይቀራል። አናጢ ትልቅ ሳጥን ሲሠራልን ደስ ይለናል፤ «ብዙ ይይዛል» እንላለን። ብዙ መያዙ እውነት ነው፤ መልሶ መስጠቱ ላይ ነው ችግሩ። ልኩን ያወቀ መሳቢያ ግን ሲከፈት ያለው ሁሉ ይታያል። አንድ ረድፍ፣ አንድ ዕይታ፣ አበቃ። የቤት እመቤቷን ስንት ማንሳትና መመለስ እንደሚያድናት አስሉት። በዚያን ጊዜ ዴንማርክ ውስጥ ይህን ሲያነሳና ሲመልስ የሚውለው ማን እንደነበር ለመናገር አያስፈልግም፤ ሰሃኑን የለካችው አርክቴክት ሴት መሆኗም ለእኔ ተራ ገጠመኝ አይመስለኝም።

ሞገንሰን ይህን አሳብ አልለቀቀውም። በ1955 ከአንድ የስዊድን ድርጅት፣ በሁስክቫርና ከሚገኘው ከካርል አንደርሶንና ልጆቹ ጋር ሆኖ «ኦረሱንድ» የተባለውን ተከታታይ የቁም ሳጥን ሥራ ጀመረ። ኦረሱንድ ዴንማርክንና ስዊድንን የሚለየው የባሕር ወሽመጥ ስም ነው፤ ንድፉ ከወዲህ፣ ፋብሪካው ከወዲያ ነበርና ስሙ በልክ የተሰፋ ነው። ሥራው ከአሥር ዓመት በላይ ቀጠለ። ዓላማው በዘመናዊ ቤት ውስጥ ሊነሳ የሚችለውን የዕቃ ማስቀመጫ ጥያቄ በሙሉ መመለስ ነበር። በሙሉ! አናጢ ሰውየ ይህን ያህል ሲመኝ ደስ ይለኛል፣ በዚያው ልክ ደግሞ እፈራዋለሁ።

ኦረሱንድን በፎቶግራፍ ብቻ ላየው ሰው ምንም አይደለም። ቀጥ ያለ የእንጨት ሳጥን ነው፤ ሁለት መዝጊያ፣ አጭር እግር፣ ጌጥ የሚባል የለም። በዚያው ጊዜ ሌሎቹ ዴንማርካውያን ዓለምን እያስደነቁ ነበር። ፊን ዩል የተባበሩት መንግሥታትን የባለአደራ ምክር ቤት አዳራሽ ውስጡን አሳምሯል፤ ከ1954 እስከ 1957 የስካንዲኔቪያ ዕቃ በኤግዚቢሽን አሜሪካንና ካናዳን ዞሯል፤ በ1960 ኬኔዲና ኒክሰን በቴሌቪዥን ሲከራከሩ ኬኔዲ የተቀመጠው የቬግነር ወንበር ላይ ነው። ሳጥን ላይ ተቀምጦ ፎቶ የሚነሳ ፕሬዚዳንት የለም። ሳጥን የሚመሰገነው ተከፍቶ ነው፤ ያውም የሰው ቤት ገብቶ።

አሁን ወደሚከነክነኝ ነገር ልምጣ። «አማካይ ሰው» ማነው? የዴንማርክ አማካይ ሰው ይህን ያህል ሸሚዝ አለው ተብሎ መሳቢያ ሲሠራ፣ ከዚያ በታች ያለው ሰው ባዶ መሳቢያውን ሲከፍት ድህነቱን ያያል፤ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ «ከልክ አለፍክ» የተባለ ያህል ይሰማዋል። ሳጥኑ ዝም ብሎ ይመክራል፤ ይህን ያህል ይበቃሃል ይላል። ለሰው የሚበቃውን ሌላ ሰው በሜትር ሊወስንለት ይገባል ወይ? ኤፍ.ዲ.ቢ.ም ከዚህ ወቀሳ አላመለጠም። ለሠራተኛው ተብሎ የተሠራውን ቀላል ዕቃ ቀድሞ የወደደው መምህሩና የተማረው ወገን ነበር፤ ብዙ ሠራተኛ ልቡ እዚያው ጥርቡ ብፌና ከፋይ ሶፋው ላይ ነበር። እኔ አልፈርድበትም። ዕድሜውን ሙሉ ቀለል ባለ ነገር ላይ ለተቀመጠ ሰው «ቀላል ነገር ያምራል» ብሎ መስበክ ቀላል አይደለም። ቀላልን ለመውደድ መጀመሪያ ከባዱን መጥገብ ሳያስፈልግ አይቀርም።

ቢሆንም በሚዛን ሳየው ከቆጣሪዎቹ ጋር መቆሜ አልቀረም። ከእነሱ በፊት የቤት ዕቃ የሚሠራው የሰውን ልክ ሳይሆን የምኞቱን ልክ ይዞ ነበር። ምኞት ሜትር የለውም። እነሱ ቢያንስ ተራው ሰው ያለውን ነገር ለመቁጠር የሚበቃ ክብር ሰጡት፤ የንጉሥ ዘውድ እንጂ የሠራተኛ ሸሚዝ ማን ለክቶ ያውቃል? ይህን እየጻፍኩ ሳለ የራሴን ቁም ሳጥን ከፍቼ ቆጠርኩ። ሸሚዞቼ 17 ሆኑ፤ የምለብሰው 6 ነው። የተቀሩት 11 ምን እንደሚጠብቁ አላውቅም። በ1950ዎቹ አማካይ መሳቢያ ውስጥ ቢገቡ ኖሮ ግማሾቹ ወለል ላይ በቀሩ ነበር።

የቆጠራው ትልቁ ችግር በእርግጥ ሥነ ምግባር ሳይሆን ጊዜ ነው። ቆጠራው የተጀመረው ዕቃ ብርቅ ከሆነበት ዘመን ብዙም ሳይርቅ ነው። ብዙ ሳይቆይ ልብስ ረከሰ፣ ደመወዝ አደገ፣ በ1956 ስዊድናዊው ኢኬያ እግሩ ተፈትቶ በካርቶን የሚታሸግ ጠረጴዛ ይዞ መጣ። ሰው ዕቃውን ከመቁጠር ይልቅ መጨመር ጀመረ። አንድ ቁጥር ላይ የቆመ ሳጥን እየሮጠ ያለውን ቁጥር ሊይዘው አይችልም። ኦረሱንድ ከዳር እየተቀጠለ ማደግ የሚችል ሆኖ መሠራቱ ሞገንሰን ይህን እንዳልሳተው ያሳያል፤ ግድግዳው ግን አያድግም።

የቀረውን የሥራ ዘመኑን በአጭሩ ልለፈው፤ ወንበሮቹን ሌሎች ብዙ ጽፈውባቸዋል። ከ1955 ጀምሮ ከፍሬደሪሲያ የቤት ዕቃ ድርጅት ጋር ሠራ። በ1958 ወፍራም ቆዳ በማንገቻ የተወጠረበትን «የስፔን ወንበር» አወጣ፤ በዚያው ዓመት በኮፐንሃገን አጠገብ ጌንቶፍተ ውስጥ የራሱን ቤት ሠርቶ ገባ፤ ቤቱን እንደ ቤተ ሙከራ ነው የተጠቀመበት፤ አዲስ ዕቃ መጀመሪያ የሚቀመጠው እዚያ ነበር። በ1962 ደግሞ ባለ ቆዳው ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ መጣ። ቆዳና ኦክ፤ ጠንካራ፣ ዕድሜ ልክ የሚኖር፣ እና ውድ። ከሸማቾች ሱቅ የተነሳው አናጢ መጨረሻ ላይ የባንክ ሥራ አስኪያጆችን ቢሮ አስጌጠ ብሎ የሚያማው ሊኖር ይችላል። ጥሩ ቆዳና ጥሩ ኦክ በርካሽ የሚገኝበት አገር ግን የት ነው? በ1972 በጥቅምት ወር ሲያርፍ ዕድሜው 58 ነበር።

የኤፍ.ዲ.ቢ. የዲዛይን ክፍል ከእሱ ቀድሞ በ1968 ተዘግቷል። በ2013 ድርጅቱ የድሮዎቹን ንድፎች ከመዝገብ ቤት አውጥቶ እንደገና መሥራት ጀመረ። በኦክና በቲክ የተሠሩት አሮጌዎቹ የኦረሱንድ ቁም ሳጥኖች ደግሞ ዛሬ በአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች እጅ ከአገር አገር ይዞራሉ፤ ሰብሳቢ ይሻማባቸዋል። ገዢው ውስጣቸው ሸሚዝ ማስቀመጡን እንጃ። ብዙዎቹ ሳሎን ውስጥ፣ ላያቸው ላይ አንድ የአበባ ማስቀመጫ ተደርጎባቸው ቆመዋል፤ እንግዳ ሲገባ ፊት ለፊት የሚታዩበት ቦታ ላይ።

ግሬተ ማየር ከሞገንሰን በኋላ 36 ዓመት ኖራ በ2008 አረፈች። ቁም ሳጥኑን ከጨረሰች በኋላ ሥራዋ ወደ ውስጡ ገባ። ሰሃን ስትለካ የኖረች ሴት ሰሃኑን ራሱን መንደፍ ያዘች። ዙሪያውን በቀጭን ሰማያዊ መስመር የተከበበው ነጭ የገበታ ዕቃዋ በ1965 በኮፐንሃገን ንጉሣዊ የሸክላ ፋብሪካ ተሠርቶ ለገበያ ወጣ።